የትልልቅ ዳታቤዞች ባክአፕ፦ ምርጫው ከየት ይጀምራል?

የባንክ፣ የቴሌኮም ወይም የሆስፒታል ዳታቤዝ ሲበላሽ ሥራው አብሮ ይቆማል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ድርጅቶች ሁሉ ባክአፕ (የመጠባበቂያ ቅጂ) ይይዛሉ። ልዩነቱ አያያዙ ላይ ነው። ስልቱ መመረጥ ያለበት ዳታው የጠፋ ቀን እንዴት እንደሚመለስ ታስቦ ነው። ብዙ ቦታ ግን መጀመሪያ ሶፍትዌሩ ይገዛል፣ ጥያቄው በኋላ ይመጣል።

ቀድመው መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው፣ የስንት ደቂቃ ወይም የስንት ሰዓት ዳታ ቢጠፋ ድርጅቱ ይችለዋል? ባለሙያዎቹ አርፒኦ ይሉታል። ሁለተኛው፣ ሲስተሙ ለምን ያህል ጊዜ ቢቆም ይታገሡታል? ይህ አርቲኦ ነው። መልሱ ለዳታቤዝ አስተዳዳሪው ብቻ አይተውም። ኪሳራውንም ወጪውንም የሚሸከሙት የሥራ ክፍሎቹና ማኔጅመንቱ ስለሆኑ እነሱ መወሰን አለባቸው። የሠራተኞች ሥልጠና መዝገብ ለግማሽ ቀን ቢቆም ማንም አይጎዳም። የገንዘብ ዝውውር ዳታቤዝ ግን የአንድ ደቂቃም ግብይት ሊጠፋበት አይገባም። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ማየት ወይ ገንዘብ ማባከን ነው፣ ወይ አደጋ መጋበዝ።

ሙሉ ባክአፕ ዳታቤዙን እንዳለ ይቀዳል። ለመመለስ ቀላሉ እሱ ነው፤ ጊዜና ቦታ ግን ይበላል። ኢንክሪመንታል ካለፈው ባክአፕ ወዲህ የተቀየረውን ብቻ ይወስዳል። ዲፈረንሻል ደግሞ ካለፈው ሙሉ ባክአፕ ወዲህ የተቀየረውን ሁሉ ይይዛል። ኢንክሪመንታሉ ቶሎ ያልቃል፣ ሲመለስ ግን በየተራ የሚደረቡ ብዙ ፋይሎች ይፈልጋል። ዲፈረንሻሉ በየቀኑ እየወፈረ ይሄዳል፣ ለመመለስ ግን ከሙሉው ጋር ሁለት ሆነው ይበቃሉ።

ዋናው ነገር ግን የግብይት ሎጉ፣ ማለትም የለውጦቹ መዝገብ ነው። ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮቹ ኦራክል ላይ ሪዶ ሎግ፣ ፖስትግሬስ ላይ ዋል ይባላል። ማንኛውም ለውጥ ዋናው የዳታ ፋይል ላይ ከመስፈሩ በፊት እዚህ ይጻፋል። እሁድ ሌሊት ሙሉ ባክአፕ ተይዟል እንበል። ማክሰኞ ከጠዋቱ 4፡15 ላይ አንድ ሠራተኛ የትኛው ይጥፋ የሚለውን መስመር ሳይጽፍ የማጥፊያ ትእዛዝ ይሰጣል። የደንበኞች ሰንጠረዥ ባዶ ይሆናል። ሎጉ በየጊዜው ሲቀመጥ ከነበረ የእሁዱ ባክአፕ ይመለሳል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ሎግ በተራ ይጫንበታል፣ 4፡14 ላይ ሲደርስ እንዲቆም ይታዘዛል። የሁለት ቀን ሥራ ይተርፋል። በመሃል አንድ የሎግ ፋይል ከጎደለ ግን ከዚያ ወዲያ ማለፍ አይቻልም። ኦራክል ላይ ለዚህ ዳታቤዙ አርካይቭሎግ ሞድ ላይ፣ ማለትም የሞላ ሎግ ከመደምሰሱ በፊት ተቀድቶ በሚቀመጥበት አሠራር ላይ መሆን አለበት። በማይክሮሶፍቱ ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ደግሞ የሎግ ባክአፕ ሎጉን ከማያቆየው ሲምፕል ሞድ ጋር አይሄድም። ሎጉን እስኪቀዳ በሚያቆየው ፉል ሞድ ላይ አድርጎ የሎግ ባክአፕ መርሳትም ሌላ ጣጣ አለው፤ ሎጉ እያበጠ ሄዶ ዲስኩን ይሞላዋል።

«ሌላ ሰርቨር ላይ ኮፒ አለን» የሚለው መልስ ብዙዎችን ያዘናጋል። ሪፕሊካ፣ ማለትም ዋናውን ዳታቤዝ እየተከተለ የሚገለብጠው ሁለተኛ ዳታቤዝ፣ ዋናው ሰርቨር ሲቃጠል ያድናል። ሰው የሰጠውን የስህተት ትእዛዝ ግን እሱም በሰከንዶች ውስጥ ይፈጽመዋል። ሆን ተብሎ ለጥቂት ሰዓታት እንዲዘገይ የተደረገ ሪፕሊካ ይህን ክፍተት በከፊል ይሸፍናል። የባክአፕን ቦታ ግን አይተካም።

ይህን ሁሉ በአንድ ሌሊት ያሳየው የፕሮግራመሮችን ኮድ የሚያስቀምጠው የጊትላብ ድርጅት አደጋ ነው። ጥር 31 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. አንድ መሐንዲስ የተበላሸውን ሪፕሊካ ለማስተካከል ማታ ላይ ይሠራ ነበር። የዳታ ማህደሩን ያጠፋው ግን ዋናው ሰርቨር ላይ ሆኖ ነው። በአንድ ሁለት ሰከንድ ውስጥ ደርሶበት አስቆመው፤ እስከዚያ 300 ጊጋባይት ያህል ሄዷል። ወደ ባክአፑ ሲሮጡ በየቀኑ ይያዛል የተባለው ቅጂ የለም። ቅጂውን የሚያወጣው መሣሪያ ከዳታቤዙ ያነሰ ስሪት ሆኖ በየጊዜው ይከሽፍ ነበር። መክሸፉን የሚናገሩት ኢሜይሎችም በተቀባዩ በኩል ተቀባይነት እያጡ ይቀሩ ነበር። የክላውዱ የዲስክ ስናፕሾትም (ዲስኩ በአንድ ቅጽበት የነበረበትን ይዞታ የሚያስቀር ቅጂ) ለዳታቤዝ ሰርቨሮቹ አልበራም። ያዳናቸው ያው መሐንዲስ ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ በእጁ የወሰደው ስናፕሾት ነው። ድርጅቱ ማገገሚያውን በዩቲዩብ በቀጥታ አስተላልፏል፣ የሆነውንም ዘርዝሮ ጽፏል። ይህን በግልጽ ማድረጉ ትልቅ ምስጋና ይገባዋል።

ስናፕሾቱ የነበረበት ዲስክ ዘገምተኛ ስለነበር መቅዳቱ ብቻ 18 ሰዓት ያህል ወስዷል። የትልቅ ዳታቤዝ ፈተና እዚህ ጋ ነው። 10 ቴራባይት በ1 ጊጋቢት ኔትወርክ ለማለፍ፣ መስመሩ ምንም ባይጨናነቅ እንኳ፣ 22 ሰዓት ይፈልጋል። በ10 ጊጋቢት ከ2 ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ሎግ የሚጫንበት ጊዜ ገና አልተቆጠረም። ማኔጅመንቱ «በ4 ሰዓት ይመለስ» ብሎ ከሆነ በ1 ጊጋቢት መስመር የሚሆን ነገር የለም። ብዙ ድርጅቶች በስቶሬጁ (በዳታ ማከማቻ መሣሪያው) ስናፕሾት የሚጠቀሙት ለዚህ ነው፤ በደቂቃዎች ይመለሳል። ስቶሬጁ ራሱ ከሄደ ግን ስናፕሾቱም አብሮት ይሄዳል።

ቦታም እንዲሁ ነው። መጋቢት 10 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የክላውድ ድርጅቱ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ፈረንሳይ ስትራስቡርግ ላይ ሲቃጠል፣ ባክአፓቸውን እዚያው ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል። ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማከማቻ፣ አንዱ ከግቢ ውጭ የሚለው የታወቀ ደንብ ለዚህ ይጠቅማል። ራንሰምዌር፣ ማለትም ዳታ ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ፣ ከበዛ ወዲህ ደግሞ ማንም ሊሰርዘው የማይችል አንድ ቅጂ ይጨመርበታል። አጥቂዎች ቀድመው የሚፈልጉት ባክአፑን ነውና፣ የዚህ ቅጂ የይለፍ ቃል ከሌላው ሲስተም መለየት አለበት።

ያልተሞከረ ባክአፕን እኔ እንደ ባክአፕ አልቆጥረውም። ቢያንስ በየሩብ ዓመቱ በተለየ ሰርቨር ላይ ሙሉ በሙሉ ይመለስ፣ ሰዓቱ ይያዝ፣ ከተባለው አርቲኦ ጋር ይነጻጸር። ሙከራውን ሲስተሙን የዘረጋው ሰው ባይሠራው ይመረጣል፤ አደጋው እሱ ፈቃድ ላይ እያለ ሊመጣ ይችላልና መመሪያው በሌላ ሰው እጅም መሥራቱ መታየት አለበት። ባክአፑ የተመሰጠረ ከሆነ ቁልፉም አብሮ ይፈተሽ። ቁልፉ የተቀመጠው በዚያው በሚበላሸው ሰርቨር ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሦስቱም ቅጂዎች አይከፈቱም።