ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ መሄጃው ለምን ከመመለሻው ይረዝማል?

ከመስቀል አደባባይ ቦሌ ኤርፖርት 6 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ከዚያ ዋሽንግተን ዳላስ ኤርፖርት ደግሞ በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ። አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሚበር፣ ሂሳቡ 13 ሰዓት ይመጣል።

ይህ ሂሳብ የሚሠራው ግን ለመመለሻው ነው። ከዋሽንግተን የተነሳው አውሮፕላን በ13 ሰዓት ገደማ በቀጥታ ቦሌ ይገባል። ከአዲስ አበባ የተነሳው ግን መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ቆይታው ሲደመር ጉዞው 16 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። «ቀጥታ ነው ብላችሁኝ አልነበር?» የሚል መንገደኛ አይጠፋም።

ዋናው ምክንያት የአዲስ አበባ ከፍታ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ዳላስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚህ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ክንፉም በቀላሉ አያነሳም። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከመሬት ለመላቀቅ የበለጠ ፍጥነትና ረጅም ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። መፍትሔው ክብደት መቀነስ ነው። ለአሜሪካ ዘመዶች የተቋጠረው ሽሮና በርበሬ አይደለም ችግሩ። ድሪምላይነር የሚባለው የቦይንግ አውሮፕላን ታንኩ ሲሞላ ነዳጁ ብቻ መቶ ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ነዳጁን ቀነስ አድርጎ ይነሳና የጎደለውን ዝቅ ባለ ቦታ ይሞላል። ሮምም ደብሊንም በተለያየ ጊዜ ለዚህ አገልግለዋል። በደብሊን በኩል መሄድ መንገዱን የሚያስረዝመው ከ300 ኪሎ ሜትር ባነሰ ነው፤ ጊዜ የሚበላው ማረፉና መነሳቱ ነው።

ነፋሱም አለበት። አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ኃይለኛው ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ሲመለሱ ከኋላ ያግዛል። ፖለቲካም መንገድ ያስረዝማል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 የሱዳን ጦርነት ሲጀመር የአገሪቱ ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘግቶ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ሆኖ ነበር።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 የመጀመሪያ በረራውን በአስመራ በኩል ካይሮ ሲያደርግ ቦሌ ኤርፖርት ገና አልነበረም። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ «ኦልድ ኤርፖርት» የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ማኮብኮቢያው እ.ኤ.አ. በ1962 ለገቡት የቦይንግ ጄቶች ስለማይበቃ ቦሌ ተሠራ።

ሰዓቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዋሽንግተን በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ማታ ተነስቶ ማለዳ የሚደርስ ሰው አንድ ሌሊት ብቻ ያለፈ ይመስለዋል፤ ያ ሌሊት ግን ከ16 ሰዓት በላይ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ በረራ የሚያስመልጠው ግን እኩለ ሌሊት ነው። ቲኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። ቲኬቱ «ጁላይ 10፣ 00:30» ካለ ቀኑ ሐምሌ 3 ነው፣ ሰዓቱ ደግሞ ከሌሊቱ 6:30። እኛ ዘንድ ግን ያ ሌሊት ገና የሐምሌ 2 ነው፤ ሐምሌ 2 ለ3 አጥቢያ። ሐምሌ 3 ማታ ሻንጣውን እየጎተተ ቦሌ የደረሰ ሰው አውሮፕላኑ ከሄደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ቲኬት ስትቆርጡ «ለስንት አጥቢያ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።