ሊንክ አግሪጌሽን ምንድን ነው? ሁለት ገመድ አንድን ፋይል ለምን አያፈጥንም

«ናስህ ሁለት ፖርት አለው አይደል? ሁለቱንም ሰክተህ ሊንክ አግሪጌሽን አብራ፤ ኮፒው እጥፍ ይፈጥናል።» ስለ ቤት ናስ ወሬ በተነሳ ቁጥር ይህ ምክር አብሮ ይነሳል (ናስ ስል ብረቱን ሳይሆን በኔትወርክ ላይ የሚቀመጠውን የፋይል ማከማቻ ነው)። መካሪው ሆን ብሎ አላሳሳተም። ሴቲንጉን ሲያበራ ናሱ ራሱ «2000 ሜጋቢት በሰከንድ» ብሎ በስክሪኑ ላይ ይጽፍለታል፤ ያየውን ነው የተናገረው። ቀጥሎ 20 ጊጋባይት ቪዲዮ ሲገለብጥ ግን ፍጥነቱ ያው 112 ሜጋባይት በሰከንድ ላይ ተቸክሎ ሦስት ደቂቃውን ይወስዳል። ያኔ ጣት ወደ ገመዱ፣ ወደ ስዊቹ (ገመዶቹን የሚያገናኘው ሳጥን)፣ አንዳንዴም ወደ ዊንዶውስ ይቀሰራል። ጥፋተኛ ግን የለም። ሊንክ አግሪጌሽን የተሠራለትን ሥራ በትክክል እየሠራ ነው፤ የተሠራው ግን ለዚህ አልነበረም።

ሊንክ አግሪጌሽን ሁለትና ከዚያ በላይ የኤተርኔት ገመዶችን አንድ ላይ አስሮ፣ ከላይ ላለው ሶፍትዌር እንደ አንድ መስመር ማሳየት ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 በ802.3ኤዲ ስም መስፈርት ሆኖ ወጣ፤ በ2008 ወደ 802.1ኤኤክስ ተዛወረ። ሁለቱ ጫፎች ገመዶቹ በእርግጥ አንድ ላይ መታሰራቸውን እየተጠያየቁ የሚያረጋግጡበት ፕሮቶኮል ኤልኤሲፒ ይባላል። ሊኑክስ ቦንዲንግ ይለዋል፤ ሌላው ቲሚንግ፣ ሌላው ትራንኪንግ። «ትራንክ» የሚለው ስም ላይ ጠንቀቅ ማለት ይገባል፤ በአንዳንድ ስዊች ላይ ትራንክ ብዙ ቪላን (በአንድ ስዊች ላይ በሶፍትዌር የተለያዩ ኔትወርኮች) የሚያልፍበት ፖርት ማለት ነው፣ ያንን አብርቶ «አሰርኩ» ያለ ሰው ምንም አላሰረም። የእስሩ ዓላማ ሁለት ነው፦ አንዱ ገመድ ሲበጠስ ሥራው እንዳይቆም፣ እና ብዙ ተጠቃሚ በአንድ ጊዜ ሲመጣ ጭነቱ በገመዶቹ ላይ እንዲከፋፈል። የአንድ ሰው የአንድ ፋይል ኮፒ በዚህ ውስጥ የለም።

ሰው የሚሳሳተው ስለ ውሃ ስለሚያስብ ይመስለኛል። ሁለት ቧንቧ አንድ በርሜልን በግማሽ ጊዜ ይሞላል፤ እውነት ነው። ውሃ ግን ተራ የለውም፣ የትኛው ጠብታ ቀድሞ ገባ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ፋይል የሚመስለው የሲራራ ቅፍለትን ነው። ግመሎቹ ጭራና ልጓማቸው ተቀጣጥሎ በአንድ ገመድ ተያይዘዋል፤ ተረካቢው 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 3ኛውን እያለ በመዝገብ ይቀበላል። ከተማው ሁለት በር ቢኖረውም አንድ ቅፍለት የሚገባው በአንዱ በር ነው። ሌላው በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ባዶ ሊውል ይችላል።

የበሩ ዘበኛ (የሚልከው ናስ ወይም ስዊች) ቅፍለቱን በየትኛው በር እንደሚያሳልፍ እንዴት ይወስናል? የትኛው በር ባዶ እንደሆነ አያይም። ይህ ብዙዎችን ያስገርማል። የሚያየው የላኪውንና የተቀባዩን ማኅተም ብቻ ነው፤ ሁለቱን አጋጭቶ ቁጥር ያወጣል፣ ቁጥሩ በር ይመርጣል። በሙያው ቋንቋ ሃሽ ይባላል። መስፈርቱ የአንድ ግንኙነት ፍሬሞች (ዳታው ተቆራርጦ የሚላክባቸው ጥቅሎች) ቅደም ተከተላቸው እንዳይፋለስ ስለሚያስገድድ፣ ያው ግንኙነት ሁልጊዜ በያው ገመድ ይሄዳል። በሊኑክስ ቦንዲንግ የነባሪው ሃሽ መሠረት የሁለቱ ወገን የማክ አድራሻ (የኔትወርክ ካርዱ መለያ ቁጥር) የመጨረሻ ባይት ነው። ገመዱ ሁለት ከሆነ ደግሞ ልዩነት የሚያመጣው የመጨረሻው ቢት ብቻ ነው፣ ተጋማሽ ወይስ ኢተጋማሽ። ስለዚህ አድራሻቸው በተጋማሽ ቁጥር የሚያልቅ ሁለት ኮምፒውተሮች ከናሱ ሲያነቡ ሁለቱም በአንድ ገመድ ላይ ተጨናንቀው ሌላው ገመድ ሥራ ይፈታል። ከሌላ ሰብኔት (የኔትወርክ ክፍልፋይ) በራውተር በኩል የሚመጣ ሁሉማ፣ ናሱ የሚያየው የራውተሩን ማክ ብቻ ስለሆነ፣ በአንድ በር ብቻ ያልፋል።

«እንግዲያው ሃሹን ሌየር 3+4 አድርገው» ይላል መካሪው፣ አይፒና የፖርት ቁጥርን እንዲያይ ማለቱ ነው። መልካም፤ ብዙ ግንኙነት ካለ ሥርጭቱ ይሻላል። ግን እያንዳንዱ ጫፍ የሚወስነው ራሱ ስለሚልከው ብቻ ነው። በናሱ ላይ የተቀየረው ሃሽ የሚጠቅመው ከናሱ ለሚነበበው ነው። ወደ ናሱ ለሚጻፈው በር የሚመርጠው ስዊቹ ነው፤ ብዙ ርካሽ ስዊቾች ማክን ብቻ ያያሉ፣ የሚቀየርበት ሴቲንግም የላቸውም።

ከዚህ በኋላ ክርክሩን ያባባሰው ፈተና ይመጣል። ሰውየው አይፐርፍን (የኔትወርክ ፍጥነት መለኪያ ፕሮግራም) በ4 ትይዩ ግንኙነት ያስኬድና 1.9 ጊጋቢት ገደማ ሲያይ «ይኸው!» ይላል። አራት ቅፍለት ልኮ በሁለት በር መግባታቸውን ነው ያረጋገጠው። እንዲያ ያለ ውጤት ሊታይ የሚችለውም ፈታኙ ኮምፒውተር ራሱ ከ1 ጊጋ በላይ መስመር ካለው ነው። አንድን ፋይል በአንድ ግንኙነት መገልበጥ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ያው ፈተና በ1 ግንኙነት ይሂድ፤ ቁጥሩ ወደ 940 ሜጋቢት ይወርዳል።

ቅፍለቱን ፈትቶ አንዱን ግመል በቀኝ፣ ቀጣዩን በግራ ማሳለፍስ? ይቻላል። በሊኑክስ ባላንስ ራውንድ ሮቢን የሚባለው ሞድ ይህንኑ ያደርጋል። ሁለት ኮምፒውተር በመካከላቸው ስዊች ሳይኖር በሁለት ገመድ በቀጥታ ሲገናኙ አንድ ግንኙነት ከአንድ ገመድ በላይ ሊያገኝ ይችላል። ችግሩ የተረካቢው መዝገብ ነው። 7ኛው ከ6ኛው ቀድሞ ሲደርስ ቲሲፒ (ዳታው በቅደም ተከተል መድረሱን የሚቆጣጠረው ፕሮቶኮል) «6ኛው የት አለ?» ይላል፤ ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከጠየቀ ላኪው 6ኛው ጠፍቷል ብሎ ሌላ ይልካል፣ ፍጥነቱንም ይቀንሳል። ግመሉ ግን አልጠፋም፣ በሌላው በር እየመጣ ነበር። በመካከል ስዊች ካለ ደግሞ በሁለት በር የተላኩትን ግመሎች ስዊቹ በራሱ ሃሽ መልሶ ወደ አንድ በር ይሰበስባቸዋል። ልፋቱ ሁሉ ከንቱ።

አንድን ፋይል በእርግጥ በሁለት መስመር የሚልከው ሌላ ነገር ነው፣ ስሙም ኤስኤምቢ መልቲቻነል (ኤስኤምቢ ዊንዶውስ ፋይልን በኔትወርክ የሚያጋራበት ፕሮቶኮል ነው)። እዚህ የሚከፍለው ዘበኛው አይደለም፤ ነጋዴው ራሱ ጭነቱን ከመነሻው ለሁለት ቅፍለት ከፍሎ፣ ለእያንዳንዱ የራሱን መዝገብ ሰጥቶ ይልካል፣ ተረካቢውም እንዴት እንደሚያገጣጥመው ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2012 ከዊንዶውስ 8 ጋር በኤስኤምቢ 3.0 መጣ። በሳምባ (ኤስኤምቢን በሊኑክስ ላይ የሚያስኬደው ሶፍትዌር) ለዓመታት «ሙከራ» ተብሎ ቆይቶ ከ4.15 ጀምሮ (2021) በሊኑክስ ላይ በነባሪነት በርቷል፤ የናስ አምራቾች ግን ሊያጠፉት ስለሚችሉ በኤስኤምቢ የላቀ ሴቲንግ ውስጥ ማየት ግድ ነው።

አሠራሩ ከሊንክ አግሪጌሽን ተቃራኒ ነው። መጀመሪያ እስሩን ይፍቱ። የናሱ እያንዳንዱ ፖርት የራሱ አይፒ ይኑረው፤ አንዱ 192.168.10.2 ከሆነ ሌላው 192.168.20.2። ኮምፒውተሩም ሁለት ፖርት ይኑረውና በየሰብኔቱ አንድ አንድ አድራሻ ይያዝ፣ ጌትዌይ (ወደ ውጭ የሚያወጣው የራውተር አድራሻ) የሚጻፈው ግን በአንደኛው ላይ ብቻ ነው። ሁለቱን በአንድ ሰብኔት ማስቀመጥ የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ሊኑክስ ናስ ግን በሁለት ፖርት የገባውን ጥያቄ በአንዱ ፖርት ብቻ የመመለስ ልማድ አለው፣ የራውቲንግ ሠንጠረዡ ለአንድ ሰብኔት አንድ መውጫ ስለሚመርጥ። ፋይል እየተገለበጠ ሳለ በፓወርሼል «ጌት ኤስኤምቢ መልቲቻነል ኮኔክሽን» (Get-SmbMultichannelConnection) የሚለውን ትእዛዝ ሲሰጡ ሁለቱም አድራሻ ከወጣ ሠርቷል። አንዱ ብቻ ከወጣ የካርዶቹን ፍጥነት ያወዳድሩ፤ ዊንዶውስ ፈጣኑን መርጦ ዘገምተኛውን ይተወዋል፣ ዋይፋይን ከኬብል ጋር ደምሮ አይጠቀምም። ላፕቶፑ አንድ ባለ 1 ጊጋ ፖርት ብቻ ካለው ይህን አንቀጽ ይዝለሉት፤ ናሱ አሥር በር ቢኖረው መነሻው አንድ ነው።

አንዳንዱ «እኔ ግን በኤልኤሲፒ አንድ ፋይል ገልብጬ እጥፍ አግኝቻለሁ» ይላል። ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ 2.5 ወይም 10 ጊጋ ካርድ ኖሮት፣ ካርዱ አርኤስኤስ (የገባውን ዳታ ለብዙ የፕሮሰሰር ኮሮች የማከፋፈል ችሎታ) የሚደግፍ ከሆነ፣ ዊንዶውስ በዚያ በአንዱ ካርድ ላይ በነባሪነት 4 ግንኙነት ይከፍታል፤ ሃሹ የፖርት ቁጥር የሚያይ ከሆነ አራቱ በሁለቱ ገመድ ላይ ሊበተኑ ይችላሉ። ጭነቱን የከፈለው መልቲቻነል ነው፣ ምስጋናው ለኤልኤሲፒ ሄደ። ደግሞም ዕድል ነው፤ አራቱም በአንድ በር የሚገቡበት ቀን አለ።

በቤት ውስጥ ግን ይህን ሁሉ ከመድከም በፊት ሰፊ በር መሥራት ይቀላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የጸደቀው 802.3ቢዜድ 2.5 ጊጋቢትን በካት 5ኢ ገመድ እስከ 100 ሜትር ያደርሳል፣ በግድግዳ የተቀበረው ገመድ አይነካም ማለት ነው። መቀየር ያለባቸው ሦስት ናቸው፦ የናሱ ፖርት፣ ስዊቹ፣ የኮምፒውተሩ ፖርት። አንዱ 1 ጊጋ ሆኖ ከቀረ ሁሉም ያው 1 ጊጋ ነው። የዩኤስቢ አዳፕተር ከሆነ በዩኤስቢ 3 ይሰካ፤ በዩኤስቢ 2 ላይ ጣሪያው 480 ሜጋቢት ስለሆነ ከነበረውም ይወርዳል። በ2.5 ጊጋ ዊንዶውስ 280 ሜጋባይት በሰከንድ አካባቢ ያሳያል።

112ስ ከየት መጣ? 1 ጊጋቢት ለ8 ሲካፈል 125 ሜጋባይት ነው። ግን እያንዳንዱ ባለ 1500 ባይት ፓኬት ከራስጌው፣ ከማረጋገጫ ቁጥሩና ከፍሬሞች መካከል ካለው ክፍተት ጋር በገመዱ ላይ የ1538 ባይት ቦታ ይይዛል፣ ከዚያ ውስጥ ዳታ የሚሆነው ቢበዛ 1460 ነው። ያ ወደ 118 ያወርደዋል፤ ዊንዶውስ ደግሞ በ1000 ሳይሆን በ1024 ስለሚያካፍል 112 ወይም 113 ይጽፋል። ይህን ቁጥር ያየ ሰው ኔትወርኩ የሚችለውን ሁሉ እየሰጠ መሆኑን ይወቅ። ቁጥሩ 11 ከሆነ መስመሩ በ100 ሜጋቢት ተስማምቷል፤ ጊጋቢት አራቱንም የገመድ ጥንድ ሲፈልግ 100 ሜጋቢት በሁለት ይሠራል፣ ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የተበላሸ ጥንድ ወይም ጫፉ ላይ በደንብ ያልተመታ ኮኔክተር ነው። 60 እና 80 ላይ የሚዋዥቅ ከሆነ ገመዱን ተዉትና ወደ ዲስኩ ይሂዱ።

ዲስክ ካልኩ አይቀር፦ በደቂቃ 7200 ጊዜ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ በውጨኛው ጠርዝ 200 ሜጋባይትና ከዚያ በላይ ሊሰጥ ይችላል፣ ወደ ውስጥ ሲገባና ሲሞላ ግን ወደ ግማሽ ይወርዳል። በሬይድ 1 (ያው ዳታ በሁለቱም ላይ እንዲጻፍ) የተጣመሩ ሁለት ዲስኮች ሲጻፍባቸው እንደ አንድ ዲስክ ናቸው። ኤስኤምአር የተባሉት (የዳታ መስመሮቻቸው ተደራርበው የሚጻፉት) ዲስኮች ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይጋልባሉ፣ መሸጋገሪያ ቦታቸው ሲሞላ ይዝላሉ። አሥር ሺህ ትንንሽ ፎቶዎችን ለመገልበጥማ የትኛውም በር አይጠብም፤ ለእያንዳንዱ ፋይል መክፈት፣ መጻፍ፣ መዝጋት የሚል ምልልስ አለ፣ ጊዜውን የሚበላው እሱ ነው። በአንድ ዚፕ ጠቅልሎ መላክ ወይም ሮቦኮፒን (የዊንዶውስ የኮፒ ትእዛዝ) በኤምቲ አማራጭ (/MT፣ ብዙ ፋይል በአንድ ጊዜ የሚገለብጥ፤ ነባሪው 8 ነው) ማስኬድ ከማንኛውም ተጨማሪ ገመድ ይበልጥ ይረዳል።

ጃምቦ ፍሬምም በዚሁ ወሬ መሐል ይነሳል። የፓኬቱ መጠን ከ1500 ወደ 9000 ባይት ሲደረግ የሚገኘው ትርፍ 4 በመቶ ገደማ ነው። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ መሣሪያ ካልደገፈው ግን ትልልቆቹን ፍሬሞች ምንም ሳይናገር ይጥላቸዋል፤ ፎልደሩ ይከፈታል፣ ዝርዝሩ ይታያል፣ ኮፒው ሲጀመር ይደርቃል። ለ4 በመቶ ሲባል ይህን መፈለግ አያዋጣም።

ኤልኤሲፒ ቦታው የት ነው? ሦስት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ከናሱ በሚሠራበት፣ የናሱም ዲስኮች ከ112 በላይ ማውጣት በሚችሉበት፣ ወይም የአንድ ገመድ መነቀል ሥራ ማቆም በሌለበት ቤት። ለዚያ የሚዋቀር ስዊች ያስፈልጋል። ሴቲንግ በሌለው ስዊች ላይ ኤልኤሲፒ ከበራ በአንድ ገመድ ብቻ ይሠራል፤ ስታቲክ የተባለው (ያለ ኤልኤሲፒ የሚደረገው) እስር ከበራ ደግሞ ስዊቹ ያንኑ ማክ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ፖርት እያየ ይወዛገባል፣ ግንኙነቱም ይቆራረጣል። ካዋቀሩ በኋላ «2000 ሜጋቢት» የሚለውን ጽሑፍ አይመኑ። የናሱ የቦንዲንግ ሁኔታ የሚታይበት ገጽ ላይ የሁለቱን ፖርት የአግሪጌተር ቁጥር ያስተያዩ፤ አንድ ከሆነ ታስረዋል፣ ከተለያየ ሁለተኛው ገመድ የተሰካው ለጌጥ ነው።