ስቴክ ቤት ሲስፋፋ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ላይ የተወደደ ስቴክ ቤት ኮምቦልቻና ወልድያ ቅርንጫፍ ሊከፍት ሲያስብ የሚሰማቸው ምክሮች ብዙ ናቸው። ገንዘብ የሚያስበሉት እነዚህ ናቸው።

«ስም ካለህ ደንበኛው ይከተልሃል።»
ሩት ፈርተል በ1965 እ.ኤ.አ. ኒው ኦርሊንስ ውስጥ «ክሪስ ስቴክ ሃውስ»ን ገዛች። በ1976 ቤቱ ተቃጥሎ ስትዛወር፣ ውሉ የድሮውን ስም ሌላ ቦታ እንዳትጠቀም ስለከለከላት ስሟን ጨምራ «ሩትስ ክሪስ» አለችው። ስሙ ተለወጠ፤ ቤቱ ግን ትልቅ ሰንሰለት ሆነ። ደንበኛ የሚከተለው ሥጋውን ነው።

«ጥሩ ሰንጋ ከተገዛ ሥጋው አይከፋም።»
ይከፋል እንጂ። ከባቲ የሰኞ ገበያ ተገዝቶ፣ በአይሱዙ ተንገላቶ፣ ውሃ ሳይቀምስ በዚያው ሌሊት የታረደ ሰንጋ ሥጋው ይጠቁራል፣ እጅ ላይ ይጣበቃል፣ ቶሎም ይበላሻል። ድካሙ በጡንቻው ያለውን ስኳር ይጨርሰዋል፤ ከእርድ በኋላ ሥጋውን አሲዳማ የሚያደርገው ደግሞ ያ ስኳር ነው። የደህና ሥጋ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ወደ 5.5 ይወርዳል፣ የተንገላታው ከ6 በላይ ይቀራል። ቢያንስ አንድ ቀን ውሃ እየጠጣ ይረፍ፤ ክፉኛ የተጎዳው ሳር እየበላ ቀናት ይፈልጋል።

«ዛሬ የታረደ ከሁሉ ይለሰልሳል።»
ትኩሳቱ ሳይበርድ ለሚበላ ቁርጥ ልክ ነው። ስቴክ ግን ሌላ ነው፤ ሥጋው ከሰዓታት በኋላ ይጠነክራል፣ የሚለሰልሰውም ከ0 እስከ 4 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ከ10 እስከ 14 ቀን ሲቆይ ነው። ትኩሱን ወዲያው በኃይለኛ ብርድ መምታትም ጥፋት ነው። ከታረደ 10 ሰዓት ሳይሞላው ከ10 ዲግሪ በታች ከወረደ ጡንቻው ይኮማተራል፤ ከዚያ ቢያቆዩትም እንደ ጎማ ይቀራል። ኮምቦልቻ ከደሴ ቆላ ናትና መብራት ሲጠፋ ጉዳቱ ይፈጥናል፤ ጄኔሬተሩ ከወንበሩ በፊት ይገዛ።

«ትርፉ ፊሌቶው ላይ ነው።»
150 ኪሎ ሥጋ ከሚወጣው በሬ ሁለቱ ፊሌቶ (ከወገብ ውስጥ የሚወጣው ለስላሳ ሥጋ) ተደምሮ 4 ኪሎ ገደማ ነው። ተጠርቶ በ200 ግራም ሲመዘን ከ20 ሰው አያልፍም። ፍሪምባው፣ ጎድኑና ሌላው ሥጋ ለጥብስ፣ ለክትፎ፣ ለቅቅል መውጫ ካላገኙ እያንዳንዱ አዲስ ቅርንጫፍ ኪሳራ ይጨምራል።

«ወሎ አብሮ ይበላል፣ አንድ ወጥ ቤት ይበቃል።»
ወሎ አብሮ ይደግሳል፤ እርዱ ግን የክርስቲያኑና የሙስሊሙ ለየብቻ ነው። አንድ ቅርንጫፍ ለአንድ እርድ ብቻ ቢሆን፣ ከቢላው እስከ ማቀዝቀዣው ጥርጣሬ አይገባም። የክርስቲያኑ ቅርንጫፍ የዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብንም ከኪራዩ ስሌት ጋር ያስገባ።