በኒው ቤድፎርድ የፖርቹጋልና የመካከለኛው አሜሪካ ስደተኞች ኑሮ

ኒው ቤድፎርድ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ግዛት፣ በአትላንቲክ ውቅያኖስ ዳርቻ የምትገኝ፣ 100,000 ያህል ሕዝብ የሚኖርባት የወደብ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ ሁለት የስደተኛ ማኅበረሰቦች በተለያየ ዘመን ተመሳሳይ የእጅ ሥራ ሠርተዋል፣ በተመሳሳይ የእንጨት ቤቶች ኖረዋል፣ አገር ቤት ለቀሩ ቤተሰቦቻቸውም በተመሳሳይ ትጋት ገንዘብ ልከዋል። ቀድመው የመጡት ፖርቹጋላውያን ናቸው፤ አብዛኞቹም የተነሡት በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ካሉት የፖርቹጋል ግዛት ከሆኑት ከአዞሬስ ደሴቶች ነው። ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተከተሏቸው ደግሞ የጓቲማላ፣ የኤል ሳልቫዶርና የሆንዱራስ ተወላጆች ናቸው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሁለቱ ሲነጻጸሩ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ የትኛው ታታሪ ነው፣ የትኛውስ ቶሎ ከአገሩ ጋር ተላመደ የሚል ነው። ታሪኩን በቅርብ ለተመለከተ ሰው ግን ትልቁ ልዩነት ከትጋት ወይም ከባህል ይልቅ ሕጉ ለአንዱ ሰጥቶ ለሌላው የነፈገው የመኖሪያ ወረቀት ነው።

ፖርቹጋላውያንን ወደዚህች ወደብ ያመጣቸው ዓሣ ነባሪ ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ኒው ቤድፎርድ የዓለም የዓሣ ነባሪ ዘይት ንግድ ማእከል በነበረችበት ጊዜ፣ ለአደን የሚወጡ መርከቦች ከአዞሬስ አንዷ በሆነችው በፋያል ደሴት በምትገኘው በኦርታ ወደብ እየቆሙ ውኃና ስንቅ ይሞሉ፣ የጎደለባቸውንም መርከበኛ ከዚያው ይቀጥሩ ነበር። ወጣቱ የአዞሬስ ገበሬ ጠባብ መሬቱንና የንጉሡን የውትድርና ግዳጅ ትቶ በመርከብ ይወጣል፤ ሁለት ሦስት ዓመት በባሕር ከርሞ ኒው ቤድፎርድ ይወርዳል። በዚያን ጊዜ የፖርቹጋል ግዛት ከነበሩት ከኬፕ ቬርዴ ደሴቶችም ብዙዎች በዚሁ መንገድ መጥተዋል። የዘይቱ ንግድ ሲከስም ከተማዋ ወደ ጥጥ ፈትልና ሽመና ዞረች፤ በአቅራቢያዋ ካለችው ከፎል ሪቨር ጋር ሆና በአገሪቱ ከታወቁት የጨርቃ ጨርቅ ከተሞች አንዷ ሆነች። ፖርቹጋላውያን ሴቶችና ሕፃናት ሳይቀሩ የፋብሪካውን ዝቅተኛ ሥራ ያዙ።

ያ ዘመን ምቹ አልነበረም። በሙያ ማኅበራት ታቅፈው የተሻለ ደመወዝ የሚያገኙት በአብዛኛው የእንግሊዝ ተወላጆች ሲሆኑ፣ ፖርቹጋላዊው በቆዳው ጥቁረት፣ በእምነቱና ማንበብ ባለመቻሉ ይናቅ ነበር። በ1917 የወጣው ሕግ ማንበብ የማይችል አዋቂ ሰው እንዳይገባ ሲከለክል፣ የደሴቶቹ አብዛኛው ሕዝብ ያልተማረ ስለነበር በሩ ከሞላ ጎደል ተዘጋ። በ1924 በወጣው የኮታ ሕግ ደግሞ ለፖርቹጋል በጠቅላላ በዓመት 503 ሰው ብቻ ተፈቀደላት። በሚያዝያ 1928 የኒው ቤድፎርድ ፋብሪካዎች ከደመወዝ ላይ አሥር በመቶ እንደሚቀንሱ ባስታወቁ ጊዜ 30,000 ገደማ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ፤ አድማው ስድስት ወር ቆየ። ማኅበራቱ ለረጅም ጊዜ ችላ ያሏቸው ፖርቹጋላውያን የሰልፉ የፊት ረድፍ ነበሩ። ዛሬ «የድሮዎቹ ስደተኞች ድምፃቸውን አጥፍተው ሠርተው አለፈላቸው» የሚል ሰው ሲያጋጥም ይህን አድማ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የፖርቹጋላውያንን ዕጣ የለወጠው ዐቢይ ክስተት ግን የመጣው ከምድር ውስጥ ነው። በመስከረም 1957 በፋያል ደሴት ምዕራባዊ ጫፍ፣ ካፔሊንዮስ በተባለው ስፍራ ከባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈነዳ፤ ከአንድ ዓመት በላይም አመድ ሲተፋ ቆየ። እርሻው ተቀበረ፣ ጣሪያዎች ከአመዱ ክብደት የተነሣ ወደቁ፣ የመርከቦች መብራት ማማው እስከ ወገቡ በአመድ ተዋጠ። የሮድ አይላንዱ ሴናተር ጆን ፓስቶሬና በዚያን ጊዜ የማሳቹሴትስ ሴናተር የነበሩት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ባቀረቡት ሐሳብ የአዞሬስ ስደተኞች ሕግ በ1958 ጸደቀ፤ ለ1,500 የቤተሰብ ኃላፊዎች ከኮታው ውጭ ቪዛ ተሰጠ። ሁለቱም ሴናተሮች በግዛቶቻቸው ብዙ የፖርቹጋል ዝርያ ያለው መራጭ ነበራቸው፤ አሜሪካም በአዞሬሷ ተርሴይራ ደሴት ያለውን የላዥስ አየር ማረፊያ ትጠቀም ነበር። ርኅራኄው እውነተኛ መሆኑን ሳንጠራጠር፣ ፖለቲካው መንገዱን እንደ ጠረገለት መናገር ይቻላል።

ከዚያ በ1965 የኮታው ሥርዓት ተሽሮ የቤተሰብ መቀላቀል የስደት ሕጉ ዋና መሠረት ሆነ። ቀድሞ የገባው ወንድሙን፣ ወንድሙ የሚስቱን እናት፣ እሷም ሌሎች ልጆቿን አመጣች። እስከ 1980ዎቹ መጀመሪያ ከ100,000 የሚበልጡ ፖርቹጋላውያን አሜሪካ ገቡ፤ እዚህ ላይ ወሳኙ ነገር አብዛኞቹ ከአውሮፕላን የወረዱት ግሪን ካርድ ይዘው መሆኑ ነው። ፖርቹጋል በ1986 የአውሮፓ የጋራ ገበያን ከተቀላቀለች በኋላ ፍልሰቱ ቀዘቀዘ።

ወረቀቱ ምን እንዳስገኘ ለማየት የኒው ቤድፎርድን ባለ ሦስት ፎቅ የእንጨት ቤት መመልከት ይበቃል። እያንዳንዱ ፎቅ ራሱን የቻለ መኖሪያ ነው፤ ከፊቱ በረንዳ፣ ከጀርባው ደረጃ አለው። የአዞሬሱ ቤተሰብ ባልና ሚስት፣ የደረሱ ልጆችም ጭምር በፋብሪካ ሠርተው ያጠራቀሙትን ቅድሚያ ከፍለው ከባንክ ተበድረው ይገዙታል። ወላጆች መጀመሪያው ፎቅ ላይ ይቀመጣሉ፤ ያገባች ልጅ ሁለተኛውን ትይዛለች፤ የሦስተኛው ፎቅ ኪራይ የባንኩን ዕዳ ይከፍላል። ሴቶቹ ላይኛው ወጥ ቤት እንዳይቆሽሽ በምድር ቤት ሌላ ምድጃ ተክለው እዚያ ያበስላሉ፤ ጓሮው የወይን ሐረግ የተጠመጠመበት ዳስ፣ ከሥሩም ጎመንና ባቄላ አለው። ይህ ቤት ለጡረታ ዋስትና፣ ለልጅም ውርስ ሆኗል። ወረቀት የሌለው ሰው ይህን ሁሉ ለማድረግ ሕግ በቀጥታ ባይከለክለውም የባንክ ብድር ማግኘት እጅግ ይከብደዋል፤ ነገ ተይዞ ሊባረር እንደሚችል እያወቀ የሠላሳ ዓመት ዕዳ ለመግባትም ልብ ያስፈልጋል።

ማኅበራዊው ጎንም እንዲሁ ሥር ሰድዷል። ከእኛ እድር ጋር የሚመሳሰሉ የመረዳጃ ማኅበራት ሕመምተኛውን ይደግፉ፣ የሞተውንም ይቀብሩ ነበር። የመንፈስ ቅዱስ ወንድማማች ማኅበራት በበዓላቸው ቀን ዳቦና ሥጋ ያለበትን ሶፓስ የተባለ ሾርባ ለመጣ ሁሉ በነፃ ያድላሉ። ከሌላዋ የፖርቹጋል ደሴት ከማዴይራ የመጡ አራት ሰዎች በ1915 የጀመሩት የቅዱስ ቁርባን በዓል ዛሬም በየዓመቱ በነሐሴ ወር መጀመሪያ ይከበራል፤ ሰዉ ሥጋውን ገዝቶ ረጅም ዘንግ ላይ ሰክቶ በረጅሙ የከሰል ምድጃ ላይ ራሱ ይጠብሳል። በትምህርት ግን ማኅበረሰቡ ለረጅም ጊዜ ወደ ኋላ ቀርቷል። ለቤት መግዣ ሲባል ልጆች አሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ከትምህርት ቤት ወጥተው ፋብሪካ ይገቡ ነበር፤ በዚህም ምክንያት በደቡብ ምሥራቅ ማሳቹሴትስ የፖርቹጋል ተወላጆች የትምህርት ደረጃ ከግዛቱ አማካይ ዝቅ ብሎ ኖሯል። ቤት ያለው፣ ዲፕሎማ ግን የሌለው ማኅበረሰብ ነበር ማለት ይቻላል።

የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች የመጡት ከሌላ ዓይነት እሳት ሸሽተው ነው። የጓቲማላ የእርስ በርስ ጦርነት ከ1960 እስከ 1996 ዘልቋል፤ በተባበሩት መንግሥታት የተደገፈው የእውነት አጣሪ ኮሚሽን የሞቱትና ደብዛቸው የጠፋው ከ200,000 እንደሚበልጡ ገምቷል፤ ማንነታቸው ከታወቀው ተጎጂዎችም 83 በመቶው የአገሩ ነባር ሕዝብ የሆኑት የማያ ተወላጆች ነበሩ። በ1980ዎቹ መጀመሪያ መከራው ከጸናባቸው አውራጃዎች አንዱ ኪቼ ነው፤ ኒው ቤድፎርድ የገቡት ጓቲማላውያን ብዙዎቹም የመጡት ከዚያ ነው። በኤል ሳልቫዶር ከ1980 እስከ 1992 በቆየው ጦርነት 75,000 ያህል ሰዎች አልቀዋል። ይሁን እንጂ አሜሪካ የሁለቱም አገሮች መንግሥታት ደጋፊ ስለነበረች፣ ከእነርሱ የሸሸውን ሰው ስደተኛ ብሎ መቀበል ራስን መክሰስ ይሆን ነበር። በ1984 ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ሰዎች የጥገኝነት ማመልከቻ ተቀባይነት ያገኘው ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም። ይህን ኢትዮጵያዊ አንባቢ በቀላሉ ይረዳዋል፦ በዚያው ዘመን ከደርግ ሸሽተው ሱዳን የገቡ ብዙ ኢትዮጵያውያን በ1980ው የስደተኞች ሕግ መሠረት በስደተኝነት ተቀባይነት አግኝተው አሜሪካ ገብተዋል፤ የሸሹት ከሶቪየት ወዳጅ መንግሥት ነበርና። ዋሽንግተን ውስጥ የሳልቫዶሩና የኢትዮጵያው ስደተኛ ጎረቤት ሆነው ሲኖሩ፣ የአንዱ ወረቀት ሙሉ የሌላው ጎዶሎ የሆነው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ለፖርቹጋላውያን በሩን የከፈተው የ1965 ሕግ ለመካከለኛው አሜሪካ የመጀመሪያውን ገደብ ይዞ መጣ። ከዚያ በፊት የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ አገሮች የቁጥር ኮታ አልነበራቸውም፤ ከ1968 ጀምሮ ግን ሁሉም በአንድ ላይ በዓመት ከ120,000 እንዳይበልጡ ተወሰነ። በዚህ ላይ ሌላ ጠባብ ቋጠሮ አለ። በቪዛ ገብቶ ጊዜው ያለፈበት ሰው የአሜሪካ ዜጋ ቢያገባ፣ ብዙውን ጊዜ እዚያው ሆኖ ወረቀቱን ማስተካከል ይችላል። ድንበር በእግሩ ያቋረጠው ግን አገሩ ተመልሶ እንዲያመለክት ይጠየቃል፤ በሕገ ወጥ መንገድ ከአንድ ዓመት በላይ ቆይቶ የወጣ ሰው ደግሞ በ1996 ሕግ ለአሥር ዓመት እንዳይመለስ ይታገዳል። ፖርቹጋላዊው ውቅያኖስ ተሻግሮ የሚመጣው በአውሮፕላን፣ በኬላ አልፎ ነው፤ ጓቲማላዊው የሚመጣው በምድረ በዳ ነው። የአመጣጥ መንገድ ብቻውን የሁለት ትዳሮችን ዕድል ይለያያል።

ለሳልቫዶርና ለሆንዱራስ ሰዎች በከፊል የተሰጠው መፍትሔ ጊዜያዊ ጥበቃ ነው። ከ1998ቱ ሚች አውሎ ነፋስ በኋላ ለሆንዱራስ፣ ከ2001ዱ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ለኤል ሳልቫዶር ተፈቅዷል። ጥበቃው የሥራ ፈቃድ ይሰጣል፤ በራሱ ግን ወደ ግሪን ካርድ አያደርስም። በየአሥራ ስምንት ወሩ ይታደስ ይሆን እያለ የሚጠባበቅ ሰው በዚህ ሁኔታ ልጅ ወልዶ ለኮሌጅ አድርሷል። በ2025 መንግሥት የሆንዱራሱ ጥበቃ እንዲያበቃ ወስኖ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት አምርቷል። እሳተ ገሞራ ያፈናቀለው ቋሚ መኖሪያ ሲያገኝ የመሬት መንቀጥቀጥ ያፈናቀለው የሚታደስ ቀጠሮ ብቻ ማግኘቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ሥራው ዛሬም ከወደቡ አልራቀም። ስካሎፕ በተባለው ውድ የባሕር ቅርፊታም እንስሳ ምክንያት ኒው ቤድፎርድ ከ2000 ገደማ ጀምሮ በሚያርፍላት ዓሣ ዋጋ በአሜሪካ ቀዳሚ ወደብ ሆና ቆይታለች። ከጀልባ ባለቤቶችና ካፒቴኖች መካከል የፖርቹጋል ተወላጆች ብዙ ናቸው፤ ዓሣውን የሚበልቱትና የሚያሽጉት በአብዛኛው የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎች ናቸው። ገና ሳይነጋ የሠራተኛ አቅራቢ ድርጅት መኪና ይለቅማቸዋል፤ የጎማ ቦት ጫማና ሽርጥ አድርገው በእርጥብ ወለል ላይ፣ በቅዝቃዜ ውስጥ ቆመው ይውላሉ፤ በፍጥነት የሚሠራው ስለታም ቢላ ጣትን አይምርም። ብዙዎቹ የተቀጠሩት በአቅራቢው እንጂ በዓሣ ቤቱ ስላልሆነ፣ ደመወዝ ሲጎድል ወይም ጉዳት ሲደርስ ኃላፊነቱ የማን እንደሆነ ማወቅ ራሱ ትግል ነው።

በመጋቢት 6 ቀን 2007 የፌዴራል የስደተኞች ፖሊስ ማይክል ቢያንኮ የተባለውን ፋብሪካ ከቦ 361 ሠራተኞችን ያዘ። ሠራተኞቹ በቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሕንፃ ውስጥ ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የጀርባ ቦርሳና ሰደርያ ይሰፉ ነበር። አብዛኞቹ የጓቲማላና የኤል ሳልቫዶር ተወላጆች፣ ብዙዎቹም እናቶች ነበሩ፤ ጥቂት ፖርቹጋላውያንም ነበሩበት። ከመካከላቸው ብዙዎች ወደ ቴክሳስ እስር ቤቶች ሲወሰዱ ልጆቻቸው በጎረቤትና በዘመድ እጅ ቀሩ። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የተሰበሰቡት ዘመዶች የማን እናት የት እንደ ተወሰደች ሲጠያየቁ ሰነበቱ። አድማ ቢመታ ወረቀት ያለው ሰው ሥራውን ሊያጣ ይችላል፤ ወረቀት የሌለው ግን ልጁንም ሊያጣ ይችላል።

ቋንቋ ሁለተኛው ልዩነት ነው። ማሳቹሴትስ በ1971 የሁለት ቋንቋ ትምህርትን በሕግ ያዘዘች የመጀመሪያዋ ግዛት ስትሆን ፖርቹጋልኛ ከተጠቃሚዎቹ አንዱ ነበር፤ ቄሱም፣ ሐኪሙም፣ ሬዲዮውም በቋንቋው ይገኝ ነበር። ኪቼ የተባለውን የማያ ቋንቋ የምትናገር እናት ግን ስፓኒሽ ለእሷ ሁለተኛ ቋንቋ ሆኖ ሳለ ከላቲን አሜሪካ መጣች ተብሎ በስፓኒሽ ይነገራታል። ባልገባት ነገር ራሷን ነቅንቃ ትፈርማለች። ማኅበረሰቡ በራሱ ስም የማያ ኪቼ ድርጅት ማቋቋሙና የኪቼ አስተርጓሚ እንዲቀጠር መወትወቱ ከዚህ የተነሣ ነው።

በገንዘብ አያያዝ ሁለቱ ማኅበረሰቦች ይቀራረባሉ። ጓቲማላውያን ኩቹባል የሚሉት የገንዘብ ማሰባሰቢያ ቁርጥ የእኛ እቁብ ነው፤ ዕጣ የደረሰው የድንበር አሻጋሪ ዕዳውን ይከፍልበታል ወይም አገር ቤት ብሎኬት ያስገነባበታል። ሐዋላ ለሆንዱራስ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት ሩብ ያህሉን፣ ለኤል ሳልቫዶር ከአምስት አንድ እጅ በላይ ይሆናል። ፖርቹጋላዊው የሚገዛው ቤት ኒው ቤድፎርድ ውስጥ ሲሆን፣ ጓቲማላዊው ግን ባለ ሁለት ፎቁን ቤት የሚሠራው ኪቼ ተራራ ላይ፣ ራሱ ላይኖርበት ነው። ኒው ቤድፎርድ ውስጥ በሦስተኛው ፎቅ ተከራይ ነው፤ የቤቱ ባለቤት ብዙ ጊዜ የአዞሬስ ሰው ልጅ ነው፤ የቤት ኪራይ ደግሞ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በፍጥነት ንሯል።

ፖርቹጋላውያንም ከወረቀት ጣጣ ፈጽሞ አላመለጡም። ብዙዎቹ ግሪን ካርዱ ይበቃናል ብለው ዜግነት ሳይወስዱ ኖረዋል። የ1996ቱ ሕግ ወንጀል ለፈጸመ ነዋሪ መባረርን ሲያጠብቅ፣ በሕፃንነታቸው መጥተው ፖርቹጋልኛ እንኳ በቅጡ የማይናገሩ በርካታ ወጣቶች ወደ አዞሬስ ተጭነዋል። በ1971 ፖርቹጋላውያንን ለመርዳት በኒው ቤድፎርድ የተቋቋመው የስደተኞች መርጃ ማእከል የዜግነት ትምህርትን ዋና ሥራው ያደረገው ይህን በመሰለ ምክንያት ነው። ዛሬ ማእከሉ የመካከለኛው አሜሪካ ሰዎችንም ያስተናግዳል። ከሐምሌ 2023 ጀምሮ ማሳቹሴትስ ወረቀት ለሌላቸው ነዋሪዎችም የመንጃ ፈቃድ ትሰጣለች፤ ሕጉ ይሻር ወይ ተብሎ በ2022 ለሕዝበ ውሳኔ ቀርቦ መራጩ እንዲጸና ወስኗል። ለዓሣ ቤቱ ሠራተኛ ይህ ማለት የአቅራቢው መኪና ከደመወዙ ሳይቀንስበት፣ ፖሊስ ያስቆመኛል ብሎም ሳይሰጋ፣ በራሱ መኪና ሥራ መሄድ ቻለ ማለት ነው።