«ሊነጋ ሲል ይጨልማል»፦ የምሳሌያዊ አነጋገሩ ትርጓሜ እና የጦርነቶች ማብቂያ

«ሊነጋ ሲል ይጨልማል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር በባሕር ዳርም ሆነ በሌላው የጣና ዳርቻ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው መከራ የጸናበትን ሰው ለማጽናናት ነው። ምጥ የጠናባትን ሴት አጠገቧ ያሉት እናቶች «አይዞሽ ልጄ፣ ሊነጋ ሲል ይጨልማል» ይሏታል፤ ሕመምተኛው አልሻል ያለው ቤተሰብም ይህንኑ ቃል ይሰማል። በዚህ አገባቡ መልእክቱ የመከራው መበርታት የማብቂያው መቃረብ ምልክት ነውና ታገሥ የሚል ነው። ትርጓሜው ትክክል ቢሆንም የነገሩን ግማሽ ብቻ የያዘ ይመስለኛል፤ ቀሪው ግማሽ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ጦርነት ሊያበቃ ሲል ነው።

የአነጋገሩ መነሻ ሌሊቱን ከቤት ውጭ የሚያሳልፍ ሰው ዐይን ነው። ጨለማ ንጋት በቀረበ ቁጥር እንዲከብድ የሚያደርግ የፀሐይ ሥርዓት የለም፤ ጨረቃ ግን ይህን ታደርጋለች። ከግማሽነት ወደ ሙሉነት በምታድግበት ሳምንት፣ ሲመሽ ሰማይ ላይ የነበረችው ጨረቃ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ትጠልቃለች። በደንገል ታንኳ መረቡን ሊያነሣ የወጣ የጣና ዓሣ አጥማጅ እኩለ ሌሊት ላይ ይለየው የነበረው የደሴት ጥላ ዶሮ ሲጮኽ ይሰወርበታል፤ ብርዱም የሚጠነክረው ወደዚያው ሰዓት ነው። ማሕሌት የቆመ ደብተራም ሆነ ሌሊት የሚጓዝ ነጋዴ ይህን ያውቀዋል።

በሰማይ ላይ ጨለማውና ንጋቱ ተከታትለው ይመጣሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይወልደውም። በጦርነት ግን የንጋቱ መቃረብ ራሱ ጨለማውን ያከብደዋል። ተሸናፊው ማለቁን ሲያውቅ፣ ቢቻል የተሻለ የእርቅ ውል ለማግኘት፣ ባይቻል ደግሞ የፍርዱን ቀን ለማራቅ ያለ የሌለ ኃይሉን ይማግዳል፤ አሸናፊውም ቶሎ ለመጨረስ ሲል ክንዱን ያበረታል።

የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ይህን ቃል በቃል ያሳያል። ጀርመን እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1918 የጀመረችው የመጨረሻ ታላቅ ማጥቃት ከከሸፈ በኋላ ከነሐሴ ጀምሮ ጦሯ ወደ ኋላ መሸሽ ያዘ፤ ቡልጋሪያ፣ የኦቶማን መንግሥትና ኦስትሪያ-ሀንጋሪም ተራ በተራ ከጦርነቱ ወጡ። የጀርመን ልዑካን የተኩስ ማቆም ውል ለመደራደር ወደ ኮምፒየኝ ጫካ ሲመጡ ድርድሩ እስኪያልቅ ውጊያው እንዲቆም ቢጠይቁም የተባበሩት ጦር አዛዥ ማርሻል ፎሽ አልተቀበላቸውም። ውሉ የተፈረመው ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1918)፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ፣ በትክክል ሊነጋ ሲል ነው። በሥራ ላይ የሚውለው ግን ረፋድ 5 ሰዓት ላይ ስለ ነበር በመካከሉ ባሉት ስድስት ሰዓታትም ውጊያው ቀጠለ። በዚያ የመጨረሻ ቀን ከሁሉም ወገን 2,700 ያህል ሰዎች እንደ ሞቱ ይገመታል፤ አሜሪካዊው ወታደር ሄንሪ ጉንተር የወደቀው ሰዓቱ ሊሞላ አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። (ከዚህ ዐሥር ቀን በኋላ ያለው ኅዳር 12 ደግሞ፣ በዚያው ዓመት አገራችንን የፈጀው የኅዳር በሽታ እየታሰበ፣ ዛሬም ድረስ ቆሻሻ የሚታጠንበት ዕለት ነው።)

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጨለማው የበለጠ ረዘመ። በጦርነቱ ከሞቱት የጀርመን ወታደሮች ግማሽ ያህሉ ያለቁት በመጨረሻዎቹ ዐሥር ወራት ነው፤ እ.ኤ.አ. በጥር 1945 ብቻ ከ450,000 በላይ ሞተዋል። ይህ የሆነው የጦርነቱ ውጤት አጠራጣሪ በነበረበት ጊዜ ሳይሆን፣ የሶቪየት ጦር ከምሥራቅ፣ አሜሪካና ብሪታንያ ከምዕራብ ገፍተው ውጤቱ ከለየለት በኋላ ነው። ጀርመንን ይወጉ የነበሩት መንግሥታት ያለ ቅድመ ሁኔታ እጅ መስጠትን እንጂ ሌላ ውል አንቀበልም ብለው ነበር፤ ሂትለር በበኩሉ እጅ መስጠትን ጨርሶ አይሰማም ነበር። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 30 ቀን 1945 ራሱን ሲያጠፋ የሶቪየት ወታደሮች በርሊን መካከል ደርሰው ነበር፤ እርሱ ከሞተ በኋላ የጀርመን እጅ መስጠት ለመፈረም አንድ ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

የጃፓን መሪዎች ስሌት ከዚህ ይለያል፤ ማሸነፍን ተስፋ ባያደርጉም፣ ጠላትን በአንድ ውጊያ ክፉኛ ካደሙት ለድርድር ይገደዳል ብለው አስበው ነበር። ሦስት ወር ገደማ በፈጀው የኦኪናዋ ውጊያ የተከፈለው ዋጋ የዚህ ስሌት ውጤት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ሲቪሎች ከወታደሮቹ ጋር አለቁ። እንዲያውም ውጊያው አሜሪካውያንን ወደ ድርድር አላመጣቸውም፤ ዋናውን የጃፓን ምድር መውረር ምን ያህል ደም እንደሚያስከፍል አሳያቸው እንጂ። እ.ኤ.አ. በ1945 ነሐሴ 6 ቀን ሂሮሺማ፣ ነሐሴ 9 ቀን ናጋሳኪ በአቶም ቦምብ ተመቱ፤ በመካከሉም ሶቪየት ኅብረት በጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች። ንጉሠ ነገሥቱ ነሐሴ 15 ቀን በሬዲዮ የጦርነቱን ማብቃት ተናገሩ፤ ውሉም መስከረም 2 ቀን ተፈረመ።

የጣና አካባቢ ሰው ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ቶኪዮ ድረስ መሄድ አያስፈልገውም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ገብተው፣ ጎጃምን አቋርጠው፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ሲደርሱ ለመሐል አገሩ ነግቶ ነበር። ከሐይቁ በስተ ሰሜን ግን በጀኔራል ናሲ የሚመራው የጣሊያን ጦር ጎንደርን ይዞ ሰባት ወር ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ተዋጋ። ዓላማው ድል አልነበረም፤ የብሪታንያን ጦር እዚህ አስሮ ወደ ሰሜን አፍሪካ እንዳይሄድ ማዘግየት ነበር። ክረምቱ አልፎ ወልቂፊት በመስከረም፣ ቁልቋል በር ኅዳር 12፣ ጎንደር ራሷ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እስኪለቀቁ ድረስ ሐበሻውም፣ ለጣሊያን የተሰለፈው አስካሪም ሲሞት ከረመ።

አነጋገሩ የሚበላሸው ወደ ትንቢት ሲለወጥ ነው። ሊነጋ ሲል መጨለሙ እርግጥ ሊሆን ይችላል፤ በጨለመ ቁጥር ግን ይነጋል ማለት አይደለም። የአበው አንደበት ለተቃራኒው ስሕተት «የማይነጋ መስሏት…» የሚል ተረት አለው፤ የቀረውን አንባቢ ስለሚያውቀው አልጨርሰውም። የነጋ ለመሰለው ሰው ግን ሙሶሊኒ ይበቃል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1940 ፈረንሳይ ልትወድቅ ስትል ጦርነቱ አለቀ ብሎ ገመተና በእርቁ ጠረጴዛ ላይ ቦታ እንዳያጣ ተቻኩሎ ገባ። ይህ ውሳኔው ብሪታንያን ከኢትዮጵያ አርበኞች ጎን አሰለፋት፤ በዓመት ከመንፈቅ ጊዜም ከአዲስ አበባ እስከ ጎንደር የያዘውን ሁሉ አሳጣው። ጦርነቱ በአውሮፓ ያበቃው እርሱ ካሰበው አምስት ዓመት ያህል ዘግይቶ ሲሆን፣ እርሱም ሊያበቃ ዐሥር ቀን ሲቀረው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1945 በገዛ አገሩ ሰዎች ተገደለ።