የኒውክሌር ጣቢያ ቱታ ምንድን ነው?

ጎንደር ቅዳሜ ገበያ አካባቢ እህል ሲያስፈጭ የዋለ ሰው ከወፍጮ ቤት ሲወጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነው። ልብሱን በደንብ ካላራገፈ ዱቄቱ ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፤ አልጋው ላይ፣ ልጁ ፀጉር ላይ ያርፋል። በኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ውስጥ የሚለበሰው ቱታም የተሠራው እንዲህ ላለው ብናኝ ነው። ብዙ ሰው ግን ጨረር የሚያስቆም ጋሻ ይመስለዋል። አይደለም።

ጨረርና ብክለት ይለያያሉ። ጨረር እንደ መብራት ነው፤ ከምንጩ ሲርቁ ይደክማል፣ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ከአንዲት ትንሽ ምንጭ የሚደርሰው ወደ ሩብ ይወርዳል። ብክለት ደግሞ ጨረር የሚያወጣው ብናኝ ራሱ ነው። ቆዳ ላይ ከተቀመጠ ሠራተኛው ወደ ቤቱ ቢሄድም አብሮት ይሄዳል፤ ወደ ሳንባ ከገባ ታጥቦ አይወጣም።

ሐኪም ቤት ራጅ ክፍል ያየነው ከባድ ሽርጥ የሚያሳስተን ይመስለኛል። እሱ ውስጡ ሊድ የሚባል ከባድ ብረት (እርሳስ) አለበት፤ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ሊድ የራጅን ጨረር ከ90 በመቶ በላይ ያስቀራል። በማመንጫ ጣቢያ ዋናው ባላጋራ ግን ኮባልት 60 የሚባለው ጨረር አውጪ የኮባልት ዓይነት ነው፣ ጨረሩም ከራጅ እጅግ የበረታ ነው። ግማሹን ብቻ ለማስቀረት 12 ሚሊ ሜትር ያህል ሊድ ይፈልጋል። ያንን ለብሶ ደረጃ የሚወጣ ሰው የለም። ስለዚህ ከጨረሩ የሚያድነው የሥራ ሰዓትን ማሳጠር፣ መራቅና ቧንቧው ላይ የሊድ ብርድ ልብስ መደርደር ነው። ቱታው የብናኙን ድርሻ ብቻ ይወጣል።

ኮባልቱ የሚመጣው ከጣቢያው ከራሱ ብረት ነው። ቫልቮች ቶሎ እንዳያልቁ ኮባልት ባለበት ጠንካራ ቅይጥ ይለበጣሉ። ቅይጡ በዓመታት ብዛት በጥቂት በጥቂቱ ይፋቃል፤ ፍቅፋቂው በውኃው ተወስዶ ሪአክተሩ (የኒውክሌር ነዳጁ ያለበት ክፍል) ውስጥ ኒውትሮን የሚባል የአቶም ቅንጣት ይመታዋል፣ ኮባልት 60 ይሆንና ተመልሶ ቧንቧ ክርን ላይና ቫልቭ ሥር ይደላደላል። አሮጌ ጣቢያ ውስጥ ጥገና የሚከብደው በአብዛኛው በዚህ ነው።

አለባበሱ ቀላል ነው። የጥጥ የውስጥ ልብስ፣ ቱታ፣ የጥጥ ጓንት በላዩ የጎማ ጓንት፣ ድርብ የጫማ ሽፋን፣ የራስ ቆብ፤ አየሩ ከተበከለ ፊትን በሙሉ የሚሸፍን ባለማጣሪያ ጭንብል። አንጓና ቁርጭምጭሚት ላይ ፕላስተር ይጠመጠማል፤ ጫፉ ታጥፎ እንደ ጆሮ መተው አለበት። ይህን የረሳ ሰው ሲያወልቅ በጓንቱ እየፈተገ ብናኙን ያባዛዋል።

ጣጣው ያለው ማውለቁ ላይ ነው። በንጹሑና በተበከለው ክልል መካከል ዝቅ ያለ አግዳሚ ወይም መስመር አለ። ቅደም ተከተሉ ከጣቢያ ጣቢያ ትንሽ ይለያያል፤ መሠረቱ ግን በጣም የቆሸሸው መጀመሪያ፣ የውስጥ ጓንት መጨረሻ ነው። ፕላስተሩ በዝግታ ይላጣል፣ የላይኛው የጫማ ሽፋንና የጎማ ጓንት ይወጣል፣ ቆቡ ከፊት ወደ ኋላ ይገፈፋል፣ ጭንብሉ ይወልቃል። ቱታው ከትከሻ ጀምሮ ውስጡ ወደ ውጭ እየተገለበጠ ይጠቀለላል እንጂ አይራገፍም። ከዚያ አንዱ እግር ከሽፋኑ ይወጣና በቀጥታ ንጹሑ ላይ ያርፋል፣ ሁለተኛው ይከተላል። የወጣው እግር ተመልሶ ቆሻሻውን ከረገጠ ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው።

ቀጥሎ ፍተሻ ነው። የመለኪያው አፍ ከሰውነት አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ በሰከንድ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል፤ የቸኮለ እጅ ብክለቱን ያልፈዋል። ቆዳ ላይ ከተገኘ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠባል። በሻካራ ነገር ማሸት ክልክል ነው፤ ቆዳው ከተላጠ ብናኙ ወደ ደም መንገድ ያገኛል።

ብዙ ጊዜ ነገሩን የሚያበላሸው ላብና እርጥበት ነው። የጥጥ ቱታ ሲርስ ብናኙን ወደ ውስጥ ይስበዋል፤ ስለዚህ እርጥብ ወለል ላይ የተንበረከከ ሰው ጉልበቱ ላይ ቢገኝበት አይደንቅም። ውኃ ባለበት ከላይ የፕላስቲክ ልብስ ይጨመራል፤ ያ ደግሞ ሙቀት ያፍናል፣ ሰው ራሱን ስቶ እስከመውደቅ ይደርሳል። እዚህ ላይ የሥራ ኃላፊው ማስተዋል ከልብሱ ይበልጣል፦ ሰዓት መቁረጥ፣ ከመግባት በፊት ውኃ ማጠጣት። ውስጥ መብላት፣ መጠጣት፣ ማጨስ የለም፤ ቱታውም ወደ ቤት አይሄድም፣ ለብቻው በተዘጋጀ ማጠቢያ ታጥቦ በመሣሪያ ይፈተሻል።

ደረት ላይ የሚንጠለጠለው መለኪያ የጨረሩን ሒሳብ ይይዛል። በሰዓት 1 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የሚቀበለው ጨረር መለኪያ) ባለበት ቦታ 15 ደቂቃ የሠራ ሰው 0.25 ሚሊሲቨርት ይወስዳል። በዓለም አቀፍ ምክር መሠረት የሠራተኛ ጣሪያ የ5 ዓመት አማካዩ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው፤ በየትኛውም አንድ ዓመት ከ50 ማለፍ የለበትም።

ጣቢያው ቢዘጋም ቱታው አይሰቀልም። በእንግሊዝ ኮልደር ሆል የተባለው የኒውክሌር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1956 ተከፍቶ በ2003 ቆመ፤ ነዳጁ ወጥቶ ያለቀው ግን በ2019 ነው። ኮባልት 60 በየ5.27 ዓመቱ በግማሽ ስለሚቀንስ ከ26 ዓመት በኋላ የሚቀረው 32ኛ እጁ ያህል ነው። ሲዝየም 137 የተባለው ሌላው ጨረር አውጪ ግን ግማሹ ለመጥፋት 30 ዓመት ይፈልጋል፤ እሱ ያለበትን ግድግዳ የሚፍቅ ሰው ዛሬም ፕላስተሩን ጫፉን አጥፎ ይጠመጥማል።