የንብ ዓይንና የጎንደር ሰማይ

የፀሐይ ብርሃን ማዕበል ከምንጩ ሲነሳ በሁሉም አቅጣጫ ይወዛወዛል። ከባቢ አየር ውስጥ ገብቶ ሲበተን ግን ውዝዋዜው ወደ አንድ አቅጣጫ ያደላል፤ ይህ ፖላራይዝድ ብርሃን ይባላል። በጠራ ሰማይ ይበልጥ የሚጎላው ከፀሐይ 90 ዲግሪ ርቆ በሚገኘው ቀበቶ ላይ ነው። የሰው ዓይን ከሞላ ጎደል አይለየውም። ንብ ግን አቅጣጫ ታውቅበታለች። መስከረም ላይ በጎንደር ዙሪያ አደይ አበባ ሲፈካ ለቀሰማ የወጣች ሠራተኛ ንብ፣ ፀሐይን ደመና ቢጋርዳትም እንኳ ጥቂት ሰማያዊ ክፍተት ካገኘች መንገዷን አትስትም።

የንብ ዓይን በሺዎች ከሚቆጠሩ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ጥምር ዓይን ነው። በየክፍሉ ያሉት ብርሃን ተቀባይ ሴሎች እንደ ብሩሽ ፀጉር የተደረደሩ፣ ማይክሮቪላይ የሚባሉ ቱቦዎች አሏቸው። ብርሃን የሚቀበለው ሮዶፕሲን በአብዛኛው በቱቦዎቹ ርዝመት ስለሚሰለፍ፣ ሴሉ አጥብቆ ምላሽ የሚሰጠው ውዝዋዜው ከቱቦዎቹ ጋር ትይዩ ለሆነ ብርሃን ነው። በአብዛኛው የዓይኗ ክፍል ሴሎቹ የተጠማዘዙ ስለሆኑ ይህ ልዩነት ይጠፋል። ሰማይን በሚያየው የላይኛው ጠርዝ ግን ቀጥ እንዳሉ ናቸው። እዚያ በየክፍሉ ያሉት ቱቦዎች በሁለት አቅጣጫ፣ እርስ በርስ በ90 ዲግሪ ተዘርግተዋል፤ አንጎል የሁለቱን ምላሽ ስለሚያነጻጽር የብርሃኑ መድመቅም ሆነ መፍዘዝ አያሳስተውም። ሴሎቹ የሚሠሩት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ነው።

ይህን የንብ ችሎታ እ.ኤ.አ. በ1949 ይፋ ያደረገው ኦስትሪያዊው የእንስሳት ባሕርይ ተመራማሪ ካርል ፎን ፍሪሽ ነው። ሙከራው በቀላልነቱ ያስደንቃል፦ ንብ ምግብ ያለበትን አቅጣጫ ለጓደኞቿ የምትጠቁመው በጭፈራ ነው፤ በአግድም በተቀመጠ የማር እንጀራ ላይ የምትጨፍር ንብ ሰማይን በፖላራይዝድ ማጣሪያ እንድታይ አደረገ፤ ማጣሪያውን ሲያዞረው ንቧም የጭፈራዋን አቅጣጫ ቀየረች። በ1973 የኖቤል ሽልማትን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ተጋርቷል።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በቡሄ ሰሞን፣ በትክክል አናት ላይ ትውላለች። በእነዚህ ቀናት ከቀኑ 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ፖላራይዝድ ብርሃን የሚጎላበት ቀበቶ ወደ አድማስ ይወርዳል፤ ከላይ ያለው ሰማይም በሁሉም አቅጣጫ አንድ ዓይነት ይሆናል። ፀሐይም ምሥራቅና ምዕራብን አትጠቁምም። ቡሄ ሰሞን ሰማዩ በክረምት ደመና ስለሚሸፈን ችግሩ ጎልቶ የሚወጣው በሚያዝያ ነው። ፀሐይ ከአናት ዘንበል እስክትል ድረስ፣ ንብ የምትመራው ቀደም ሲል ባጠናችው መልክዓ ምድር፣ በተራራውና በዛፉ ረድፍ ነው።